ጅብ ከሄደ በኋላ የሚደርስ ማርክ

ይህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጅማ ላይ፣ አንደኛ ዓመት ለሚያስተምሩ መምህራን ያደረግሁት ንግግር ነው። ስናገር የረሳሁትን ጥቂት ጨምሬበታለሁ። መብራት ሄዶ ድምፅ ማጉያው እስኪመለስ ያወራሁትን ደግሞ አውጥቼዋለሁ።

እንደምን አደራችሁ።

በዚህ ዝናብ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስለ ማርክ ለመስማት ከቤቱ የሚወጣ ሰው ወይ አለቃው አስገድዶታል ወይ ሥራውን ይወዳል። ሁለተኛው ነው ብዬ እቀጥላለሁ። ተገዳችሁ የመጣችሁም አይዟችሁ፤ ቡናው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ፓወር ፖይንት አላመጣሁም። ያመጣሁት አንድ ወረቀት ነው። ከኋላ ላላችሁ አይታይም፤ ልንገራችሁ። የአንድ ፍሬሽ ተማሪ ኩዊዝ ነው። ስሙን በመቀስ ቆርጬ አውጥቼዋለሁ። ከ10 2 አግኝቷል። ያረምኩት እኔ ነኝ፤ ቀዩ እስክሪብቶ የእኔ ነው። የት እንደነበር ይቅር። አሁን የማስተምርበት ቦታ አይደለም፤ ጅማም አይደለም።

ወረቀቱን ያገኘሁት ሴሚስተሩ ካለቀ በኋላ ነው። ግሬድ አስገብቼ፣ ጠረጴዛዬን ሳጸዳ፣ ከታችኛው መሳቢያ አንድ ክምር ወጣ። የመጀመሪያው ኩዊዝ ነው። አርሜዋለሁ። ማርኩን መዝግቤዋለሁ። ለተማሪዎቹ ግን አልመለስኩላቸውም። ዛሬ ነገ ስል ሚድ ደረሰ፤ ከዚያ ፋይናል ደረሰ። እዚህ ውስጥ እንዲህ አድርጎ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ?

ላይ ላይ የነበረው ይሄ ወረቀት ነው። ስሙን ሳየው ልጁ ትዝ አለኝ። መጀመሪያ ላይ ፊት ወንበር ይቀመጥ ነበር። ቆይቶ ወደ መሀል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ሄደ። ከሚድ በኋላ ጭራሽ አላየሁትም። ልጆቹ እንደሚሉት ላሽ አለ። ዊዝድሮው (የማቋረጫ ቅጽ) አልሞላ፣ ማንንም አልተሰናበተ፣ ዝም ብሎ ሄደ።

ሦስተኛው ጥያቄ የስብስብ ጥያቄ ነው። ከ50 ሰዎች 30ው ቡና ይጠጣሉ፣ 25ቱ ሻይ ይጠጣሉ፣ 10ሩ ሁለቱንም ይጠጣሉ። ቢያንስ አንዱን የሚጠጡ ስንት ናቸው? በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ "አት ሊስት ዋን" ይላል። መልሱ 45 ነው። 30 ሲደመር 25፣ ሁለት ጊዜ የቆጠርናቸውን 10ሩን ስንቀንስ።

ልጁ 35 ብሎ ጽፏል። ኤክስ አድርጌ አልፌያለሁ። አሁን ጊዜ ስላለኝ ወረቀቱን ገለበጥኩት። ከጀርባው ሁለት ክብ ሥሏል። ቡና ብቻ 20፣ ሁለቱም 10፣ ሻይ ብቻ 15፣ ከውጭ 5። አንድ ቁጥር አልተሳሳተም። ከዚያ 20ን ከ15 ደምሮ 35 አለ። 35 ማለት እኮ "አንዱን ብቻ" የሚጠጡት ናቸው! ጥያቄው "አንዱን ብቻ" ቢል ኖሮ ሙሉ ማርክ ያገኝ ነበር። ልጁ ሒሳቡን አውቋል። ያላወቀው "አት ሊስት" የምትለዋን ነው።

ሌሎቹን ወረቀቶች ገለጥኳቸው። 35። 35። 45። 35። ከክፍሉ ግማሽ በላይ አንድ ዓይነት ስህተት ሠርቷል። አንድ ቀን፣ ሰሌዳ ላይ፣ 5 ደቂቃ የሚፈታው ነገር ነበር። እኔ ግን 35 የሚለውን ሳይሆን ኤክሱን ነበር የቆጠርኩት።

ልጁ የሄደው በዚህ ምክንያት ነው አልላችሁም። ለምን እንደሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ማን ጠየቀውና። እኔ የማውቀው መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ነገር እንደነበረ ነው፤ ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። የእኛ የምዘና መረጃ አብዛኛው እንደዚህ ውሻ ነው። ኩዊዙ፣ አሳይመንቱ፣ ሚዱ፣ ሁሉም ተጠራቅሞ አንድ ፊደል ይሆናል። ፊደሉ ሪጅስትራር ይገባል። ሪጅስትራር ደምሮ አካፍሎ ይህ ይቀጥላል፣ ይህ ዋርኒንግ፣ ይህ ኤዲ (በውጤት ተሰናባች) ይላል። ያኔ ልጁ ሻንጣውን አስሯል። ስብሰባ ተጠርቶ "የአንደኛ ዓመት ብክነት ለምን በዛ?" ተብሎ ይጠየቃል። ሪፖርት ይጻፋል። ሪፖርቱ ለሚቀጥለው ዓመት ልጆች ነው፤ ለሄዱት ምንም አያደርግላቸውም። የሚቀጥለው ዓመት ልጆች ሲመጡ ደግሞ ሪፖርቱን የሚያነበው የለም።

ዛሬ የመጣሁት ለአንድ ነገር ብቻ ነው። የምንፈልገው መረጃ በእጃችን አለ። አዲስ ሲስተም፣ አዲስ ሶፍትዌር፣ አዲስ ኮሚቴ አያስፈልገውም። በ5ኛው ሳምንት እናንብበው ነው የምለው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።

ይህን ጅማ ላይ ማለት ቀላል የሚሆንልኝ በአንድ ምክንያት ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1999 የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተዋህደው ሲመሠረት፣ ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርትን መለያው አድርጎ ነው። ሲቢቲፒ፣ ማለትም ተማሪዎች ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብተው የሚማሩበት ፕሮግራም፣ ወጥታችሁ የምታውቁ አላችሁ? እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ለተማሪዎች በቡድን በቡድን ቀበሌ ይመደብላቸዋል። ጃንጥላና መጠይቅ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ? ሽንት ቤት አላችሁ? ልጆቹ ተከትበዋል? ይመዘግባሉ፣ ይተነትናሉ። ችግሮቹን በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ። ሁሉንም መፍታት ስለማይቻል በአቅማቸው የሚሆነውን ይመርጣሉ፤ አንድ ነገር ሠርተው ይመለሳሉ። በሚቀጥለው ዙር ሄደው ምን እንደተለወጠ ያያሉ።

ታዲያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ይህን ሁሉ ለቀበሌው የምናደርግ ሰዎች ለራሳችን ዶርም ለምን አናደርገውም? ይህን የምለው ለየትኛውም ግቢ ነው፤ እኔ ያስተማርኩባቸውንም ጨምሮ። በአንድ መንደር ከ100 ቤት ስንቱ ሽንት ቤት እንደሌለው እንናገራለን። ከአንድ ሴክሽን ስንት ልጅ በ5ኛው ሳምንት ክፍል መግባት እንዳቆመ ብንጠየቅ ግን ወደ ጣሪያ እናያለን። ዘዴው ያው ነው። ቀበሌው ብቻ ነው የተለወጠው።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትሉትን አውቃለሁ። "ልጆቹ ከታች ሳይዘጋጁ ነው የመጡት፤ የ12ኛ ክፍል ውጤታቸው ይናገራል።" እሺ፣ ይናገር። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ፈተና፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ። ክፍላችን የሚገቡት እነዚህና በሬሜዲያል (በማካካሻ ትምህርት) በኩል ያለፉት ናቸው። ቁጥሩ ስለ አገሩ ትምህርት ብዙ ይናገራል። ስለ አንድ ልጅ ግን ትንሽ ነው የሚናገረው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጠባብ በር ያለፉ ናቸው፤ ውጤታቸው ተቀራራቢ ነው። 52 ካመጣውና 55 ካመጣው ማን እንደሚወድቅ ከ12ኛ ውጤታቸው መለየት ከባድ ነው። የመጀመሪያው ወር ኩዊዝ ከዚያ የተሻለ ያወራል። የራሳችን ትምህርት፣ በራሳችን ክፍል፣ በዚህ ሳምንት ያለበትን ነው የሚነግረን።

አሜሪካ አትላንታ ውስጥ ያለው ጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በዚህ የታወቀ ነው። የብዙ ዓመት የተማሪ ማርክ አንድ ላይ አድርገው ሲያዩ ያልጠበቁት ነገር አገኙ። ፖለቲካል ሳይንስ ከሚያጠኑት መካከል፣ የመጀመሪያውን የትምህርት ክፍሉን ኮርስ ኤ ወይም ቢ ያገኙት 75 በመቶ ገደማ ይመረቃሉ። ሲ ያገኙት 25 በመቶ ገደማ ብቻ። ሲ እኮ ማለፊያ ነው! ሲ ያገኘ ልጅ ማንም አይጠራውም፤ ራሱም ተመስገን ብሎ ይሄዳል። እነሱ ግን ሲ ያገኘውን በዚያው ሳምንት አማካሪ እንዲያገኘው ማድረግ ጀመሩ። ሌላም ነገር አዩ። ሊመረቁ ትንሽ የቀራቸው ልጆች በጥቂት መቶ ዶላር ዕዳ ብቻ ከምዝገባ ይሰረዙ ነበር። ትንሽ ገንዘብ እየሰጡ ብዙዎቹን አስቀሯቸው። እዚያ የማርክ ችግር አልነበረም ማለት ነው፤ የክፍያ ችግር ነበር።

የእነሱን ሲስተም እንግዛ አልልም። አማካሪ ቀጥረው፣ በየቀኑ ኮምፒውተሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምልክቶች እንዲያይ አድርገው ነው የሚሠሩት። እኛ ዛሬ ሪጅስትራር ኔትወርክ መኖሩን ደውለን ነው የምናረጋግጠው። ይልቅ ሐሳቡን እንውሰድ። ያለፈ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ እጅ ሥራው ልግባ። ይህን ክፍል ረዘም አደርገዋለሁ፤ ነገ ልትጠቀሙበት የምትችሉት ይሄ ስለሆነ።

60 ወረቀት አለ እንበል። በማርክ ደርድሩት፤ ከትልቅ ወደ ትንሽ። ከላይ 16 ውሰዱ፣ ከታች 16 ውሰዱ። ለምን 16? የ60 27 በመቶ ስለሆነ ነው። ይህን 27 ትሩማን ኬሊ የሚባል የምዘና ሰው በ1939 እ.ኤ.አ. አስልቶ አስቀምጦታል፤ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። 15 ብትወስዱም ማንም አያስራችሁም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ስንት ከላይኞቹ፣ ስንት ከታችኞቹ እንዳገኙት ቁጠሩ። ከላይኞቹ 14፣ ከታችኞቹ 5 ካገኙት ልዩነቱ 9 ነው። ለ16 ሲካፈል 0.56። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ የገባውን ካልገባው ይለያል። ከላይኞቹ 15፣ ከታችኞቹ 14 ካገኙት ቀላል ጥያቄ ነው፤ ችግር የለውም፣ አንዳንዴ ልብ ለመስጠት ያስፈልጋል። ከላይኞቹ 6፣ ከታችኞቹ 9 ካገኙት ግን ቁሙ። ጎበዞቹ እየሳቱ ደካሞቹ ያገኙታል ማለት ነው። አንድ ነገር ተበላሽቷል። ብዙ ጊዜ የመልስ ቁልፉ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ደርሶብኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

የመጨረሻው ዓይነት ከላይ 4፣ ከታች 3 የሆነው ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል ስቶታል። ይሄ ጥያቄ ተማሪን አልመዘነም፤ አስተማሪውን ነው የመዘነው። ወይ አላስተማርኩትም፣ ወይ ያስተማርኩ መስሎኛል፣ ወይ ቋንቋው ጋርዶታል። የእኔ "አት ሊስት" እዚህ ነበረች።

ስለዚህ ኤክሱን ብቻ ሳይሆን የተሳሳተውን መልስ ራሱን ጻፉት። 35 የጻፉ ስንት? 55 የጻፉ ስንት? 55 የጻፈው 30ን ከ25 ደምሮ 10ሩን ረስቷል፤ ያ ሌላ በሽታ ነው፣ ሌላ መድኃኒት ነው የሚፈልገው። ምንም ያልጻፈው ደግሞ ሦስተኛ ነው። ሦስቱም ዜሮ ናቸው። ማርክ ሊስቱ ላይ አንድ ናቸው። ሰዎቹ ግን አይገናኙም። አንዱ ቋንቋ፣ አንዱ ፅንሰ ሐሳብ፣ አንዱ ምናልባት ወረቀቱ ሲታደል ቤቱን ያስብ ነበር።

አንድ ጥንቃቄ አለ። የ5 ጥያቄ ኩዊዝ ደካማ ምስክር ነው። አንድ ቀን ራሱን ያመመው ልጅ ከ10 2 ያገኛል፤ በሚቀጥለው ሳምንት 8። በአንድ ኩዊዝ "ይሄ አይሆንም" ብላችሁ አትፍረዱ። በአንድ ኩዊዝ "ምን ሆነህ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ለመጠየቅ ደካማ ምስክር ይበቃል። ለመፍረድ ነው የማይበቃው።

መጠየቅ ስል፣ አንድ ሌላ ጥፋቴን ልናዘዝ። አርብ ከሰዓት 7 ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል ነበረኝ። ልጆቹ እንዳያረፍዱ ብዬ ኩዊዙን በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች መስጠት ጀመርኩ። ብልህ መስሎኝ። ውጤቱን ሳየው የተወሰኑ ልጆች አርብ አርብ ዝቅ ይላሉ፤ ማክሰኞ ግን ደህና ናቸው። ለባልደረባዬ "እነዚህ ልጆች የሳምንት መጨረሻ ሲደርስ ይሰንፋሉ" አልኩት። ሳቀብኝ። ዝርዝሩን አየና "ጁምዓ ሰግደው እየሮጡ ነው እኮ የሚመጡት" አለኝ። መስጊዱ ከግቢ ውጭ ነው። ላባቸውን ሳይጠርጉ፣ ግማሹ ጊዜ አልፎ ነው ወረቀቱን የሚያገኙት። ኩዊዙን ወደ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ወሰድኩት። አርብና ማክሰኞ እኩል ሆኑ።

እዚህ ጅማ ይሄ ስህተት አይደርስባችሁም ትሉ ይሆናል፤ አርብ እኩለ ቀን ከተማው ራሱ ይነግራችኋል። ግን የራሳችሁ አርብ ይኖራችኋል። ለአንዷ የጠዋት 2 ሰዓት ፈተና ነው፤ ዶርሟ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይበራል፣ ጓደኞቿ ቸካዮች ናቸው፣ እሷ እንቅልፍ የላትም። ለአንዱ በኢንተርኔት ብቻ የሚላክ አሳይመንት ነው፤ ስልኩ ስማርት አይደለም። ለአንዷ በወር ጥቂት ቀን የምትቀርበት ነው፤ ሞዴስ መግዣ የላትም፣ ይህን ደግሞ ለወንድ መምህር አትናገርም። ቁጥር የት እንደሚያም ያሳያል። ምን እንደሆነ አይናገርም። ለእሱ መራመድና መጠየቅ ያስፈልጋል፤ አንዳንዴም የሚጠይቀው ሌላ ሰው መሆን አለበት።

ካፌ መግቢያ ላይ ካርድ ስለሚመዘገብ "ምግብ ያቆመ ተማሪ ሊሄድ ነው ማለት ነው፤ እሱን እንከታተል" ያለኝ ሰው አለ። ሐሳቡ ገብቶኛል። እኔ ግን አልወደድኩትም። ማርክ ተማሪው ለእኛ የሰጠን ነገር ነው፤ እናንብበው። ምሳውን መቁጠር ሌላ ነገር ነው። ተማሪ ካፌ የሚቀረው በጾም ነው፣ በፍቅር ነው፣ በፓስታ ተሰላችቶ ነው። ይተው።

ማንበብ ብቻውን ደግሞ አይበቃም፤ ካነበብን በኋላ የምናደርገው ሊገድል ይችላል። አንድ ሴሚስተር ከኩዊዙ በኋላ ዝቅ ያሉትን 14 ልጆች መታወቂያ ቁጥር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። "ቲቶሪያል የሚገቡ" ብዬ። በጎ ሐሳብ ነበረኝ። ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉን ከፍቼ ጠበቅሁ። ሁለት ልጆች መጡ። አንዱ ዝርዝሩ ላይ የለም፤ ጎበዝ ነው፣ ተጨማሪ ፈልጎ ነው የመጣው። ከ14ቱ የመጣው አንድ ነው! ሌሎቹ ለምን ይምጡ? ግቢው ሁሉ እያየ "ሰነፎች ወደዚህ" ብያቸዋለሁ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ቀየርኩት። ቲቶሪያሉ ለሁሉም ክፍት ሆነ። ዝቅ ላሉት ወረቀታቸው ጥግ ላይ በእርሳስ ጻፍኩላቸው። "ክቦቹን በትክክል ሥለሃል። ማክሰኞ 10 ሰዓት ቢሮ ና፣ ሦስተኛውን አብረን እንየው።" ይሄው ነው። ምን እንደሠራ፣ መቼ፣ የት፣ ስለ ምን። "ውጤትህ ዝቅተኛ ስለሆነ ጠንክረህ እንድታጠና እናሳስባለን" የሚል ደብዳቤ የደረሰው ልጅ ምን ያድርግ? እያጠና ነው እኮ። ሌሊት ላይብረሪ ነው የሚያድረው። ጠንክር ማለት የሚያውቀውን መንገር ነው። ሁሉም አልመጡም። ብዙዎቹ ግን መጡ፤ ከመጡት አንዷ ለምን ከክፍል እንደምትቀር የነገረችኝ ጥያቄ 3ን ከጨረስን በኋላ፣ በሩ ላይ ቆማ ነው።

ስለ ቁጥር ማታለል ሁለት ነገር ልበልና ላብቃ። ይህን የምለው ነገ "የማቆየት ምጣኔ" የሚባል፣ ከተማሪዎቹ ስንቱ ሳያቋርጥ እንደቀጠለ የሚለካ ዒላማ ሊሰጣችሁ ስለሚችል ነው።

ፐርዱ የሚባል የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ለተማሪ የመውደቅ ስጋቱን እንደ ትራፊክ መብራት አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የሚያሳይ ሲስተም ነበረው። ይህ ያለባቸውን ኮርሶች ሁለትና ከዚያ በላይ የወሰዱ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲው የመዝለቅ ዕድላቸው በጣም ከፍ ያለ ነው ተባለ። ዓለም አጨበጨበ። እ.ኤ.አ. በ2013 ሰዎች መለስ ብለው ሲያዩት ነገሩ ተገለበጠ። ረጅም ጊዜ የቆየ ተማሪ እኮ ብዙ ኮርስ ይወስዳል! ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ብዙ ፋሲካ ያከብራል። ፋሲካ ማክበሩ ዕድሜውን አላረዘመለትም። እኛም "ቲቶሪያል የገቡት አለፉ" ስንል እንጠንቀቅ። የሚያልፉት ናቸው ወይ ቲቶሪያል የሚገቡት? የእኔ ያ ጎበዝ ልጅ ትዝ ይበላችሁ።

ሁለተኛው የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሜሪላንድ ውስጥ የአንድ ትንሽ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሥልጣኑን ለቀቀ። ለአዲስ ተማሪዎች መጠይቅ አዘጋጅቶ ነበር፤ ራሳችሁን ለማወቅ ይረዳችኋል ተብለው ነው የሞሉት። ዕቅዱ ግን ሊወድቁ የሚችሉትን ለይቶ፣ የተማሪ ቁጥር ለመንግሥት ሪፖርት ከመደረጉ በፊት እንዲሄዱ ማድረግ ነበር። ከመቆጠራቸው በፊት ከሄዱ "አቋረጡ" አይባሉም፤ ምጣኔው ያምራል። የተማሪዎቹ ጋዜጣ አወጣው። ያው መረጃ፣ ያው የመጀመሪያ ሳምንታት፣ ያው "ቀድሞ መለየት"። ልዩነቱ ልጁን ከለየን በኋላ ወዴት እንደምንገፋው ነው።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተነሣ። ሁለቱን ብቻ ልጻፍ።

አንድ ፀጉራቸው የነጣ መምህር ከፊት ተነሡ። "እኔ 30 ዓመት አስተምሬያለሁ። ድሮ የሚወድቅ ይወድቅ ነበር፤ አሁን ሁሉንም እናሳልፍ ነው የምትለው?" አሉኝ። "አይ ጋሼ፤" አልኳቸው፣ "ማርክ ጨምሩ አላልኩም። ጨምረን ብናሳልፈው የመውጫ ፈተና ላይ ይጠብቀዋል፤ እዚያ 50 ካላመጣ 4 ዓመቱን በልተንበታል። እኔ የምለው ፈተናውን አታቅልሉ፣ ቀደም አድርጉት ነው።" ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ያመኑኝ አይመስለኝም። ግን ሲቀመጡ "ያቺን 27 በመቶ ድገምልኝ" ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ።

ከኋላ አንዲት ወጣት መምህርት "ሦስት ሴክሽን አለኝ፣ 170 ምናምን ተማሪ። ማን ያርምልኛል?" አለች። አዳራሹ ሳቀ፤ ጥያቄው የሁሉም ነበር። ሁለት ነገር መለስኩላት። አንደኛ፣ ኩዊዙ አንድ ጥያቄ ይሁን። አንድ ጥሩ ጥያቄ፣ 10 ደቂቃ። ሁለተኛ፣ አትረሚው። ደርድሪው ብቻ። መልሱን እያየሽ ሦስት ቦታ ክምሪ፤ ያገኙት፣ አንድ ዓይነት ስህተት የሠሩት፣ ባዶ የሆኑት። ማርክ ሊስት አያስፈልግም። "ስንት ደቂቃ ይፈጃል?" አለች። "ሞክሪውና አንቺ ንገሪን" አልኳት።

ቡናው ላይ ቦርሳዋን ከፍታ መጣች። ኩዊዙ አብሯት ነበር፤ ሐሙስ የሰጠችው፣ ያልታረመ፣ በላስቲክ የታሰረ 58 ወረቀት። ሲኒዎቹን ገፋ አድርገን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። እኚያ አዛውንት መምህርም መነጽራቸውን አውጥተው ተጠጉ። እሷ እያየች ትጥላለች፣ እሳቸው ክምሩን ያስተካክላሉ፣ እኔ ሰዓት እይዛለሁ። 11 ደቂቃ ፈጀ።

ሦስተኛው ክምር፣ ባዶው፣ 7 ወረቀት ነበር። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበበቻቸው። አራተኛው ላይ ቆመች። "ይቺ እኮ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ክፍል አትገባም" አለች። ስልኳን አወጣችና የክፍሉን ተወካይ ቁጥር መፈለግ ጀመረች።